ከንጋት እስከ ምሽት ከወፎች ጋር፦ የደርባን ረግረጎችና የጨረባ ጉዞ



በዚህ እትም የሳይንስና የጂኦግራፊ ትምህርታችን ከክፍል ውጭ ነው። ካርታችሁን ዘርጉና የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ፈልጉ። ከጫፉ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የባሕሩን ዳር ይዛችሁ ስትወጡ፣ በህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ደርባን የምትባል የደቡብ አፍሪካ የወደብ ከተማ ታገኛላችሁ። ዛሬ ከንጋት እስከ ምሽት በዚያች ከተማ ወፎችን ስንመለከት እንውላለን። ጉዟችን በሐሳብ ነው፤ ቦታዎቹና ወፎቹ ግን እውነተኞች ናቸው።

«ወፍ ማየት ምን ትምህርት አለው? በየደጃችን ሞልቶ የለም ወይ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው መልካም ነው። ያዙት፤ ማታ ላይ እንመለስበታለን። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመነሳታችን በፊት

ደርባን ከምድር ወገብ በስተደቡብ 30 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። የሐሩር ክልል በደቡብ በኩል የሚያበቃው 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ከተማዋ ከሐሩር ክልል ጥቂት ወጣ ብላለች። እንዲህ ያለው አካባቢ ከፊል ሐሩር ይባላል። የሙቀቱ ወራት ዝናባማ ናቸው፤ የብርዱ ወራት ደግሞ ለስላሳ ናቸው። በዚህ ላይ አጉልሃስ የተባለው ሞቃት የውቅያኖስ ጅረት ከሰሜን ወደ ደቡብ በዳርቻው ስለሚያልፍ አየሩን ያሞቀዋል።

ጉዟችን በጥር ወር ነው። በዚህ ወር የምድር ደቡባዊ ግማሽ ወደ ፀሐይ ያዘነበለ ስለሆነ ደርባን ሙቀት ላይ ናት። አብዛኛው የሰሜን አውሮፓና የሩሲያ ምድር ግን በብርድ ተይዟል። ይህን አስታውሱ፤ የዛሬው ትምህርት ቁልፍ እሱ ነው።

የምንይዘው ዕቃ ደብተርና እርሳስ ነው። የሩቅ ማያ መነጽር ያለው ይያዝ፤ የሌለው ዓይኑና ጆሮው ይበቁታል።

1. ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፦ ወንዝና ባሕር የሚገናኙበት ቦታ

የኡምጌኒ ወንዝ ወደ ህንድ ውቅያኖስ የሚገባው በደርባን ከተማ ውስጥ ነው። የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ያህልም ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል ሰፊ ጭቃ ይገለጣል። ለእኛ ጭቃ ነው፤ ለወፎች ግን የተዘረጋ ማዕድ ነው። በውስጡ ትል፣ ትንንሽ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ ሞልቶበታል።

በጭቃው ላይ ቶሎ ቶሎ የሚራመዱትን ትንንሽ ወፎች ተመልከቱ። ከመካከላቸው ምንቃሯ ወደ ታች ጎበጥ ያለ አንዲት አለች። ክብደቷ ከአንድ የዶሮ እንቁላል ብዙም አይበልጥም። እንቁላሏን የምትጥለው በሰሜን ሳይቤሪያ፣ በአርክቲክ ውቅያኖስ አካባቢ ነው። ከዚያ ተነሥታ ነው እዚህ ድረስ የመጣችው።

በወንዙ ሰሜናዊ ዳር የቢችውድ የማንግሮቭ ጥብቅ ሥፍራ አለ። ማንግሮቭ ጨዋማ ውሃ የማይገድለው ዛፍ ነው። ጭቃው አየር ስለሌለው አንዱ የማንግሮቭ ዓይነት ሥሮቹን እንደ እርሳስ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ያበቅልና በእነሱ ይተነፍሳል። በሥሮቹ መካከል የዓሣ ጫጩቶች ከትልልቅ ዓሣዎች ተደብቀው ያድጋሉ። ዓሣ ባለበት ደግሞ ዓሣ የሚበላ ወፍ አይጠፋም። በወንዙ አጠገብ ቀጥ ብሎ የቆመው ቁመተ ረጅም ሳቢሳ ለዚሁ ነው የሚጠብቀው።

ከተማ ያለበት ወንዝ ግን ከዓሣ ሌላም ይዞ ይመጣል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ከላይ የተጣለው ፕላስቲክ ሁሉ ተጠርጎ እዚህ ይከማቻል። ላይ ቤት የጣሉት ታች ቤት ይደርሳል ማለት ነው።

2. ከረፋዱ 3 ሰዓት፦ በመሐል ከተማ ያለው የዕፅዋት መናፈሻ

አሁን ከባሕሩ ዳር ወደ መሐል ከተማው እንገባለን። የደርባን የዕፅዋት መናፈሻ የተመሠረተው በ1849 ነው። በአፍሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ ከቆዩት የዕፅዋት መናፈሻዎች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። በውስጡ ትንሽ ሐይቅ አለ። በሐይቁ ዙሪያ ባሉት ዛፎች ላይ የውሃ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ። መኪና የሚጮህበት ከተማ መሆኑ አላባረራቸውም፤ ውሃ፣ ዛፍና ሰላም ካገኙ ይበቃቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር እንማር። የወፍ ምንቃር እንደ ባለሙያ መሣሪያ ነው። አናጢውን በመጋዙ፣ ልብስ ሰፊውን በመርፌው እንደምናውቀው ሁሉ፣ ወፍንም ምንቃሯን አይተን ምን እንደምትበላ መናገር እንችላለን።

ሀ. ፔሊካን፦ ከታችኛው ምንቃሩ ሥር የሚለጠጥ ከረጢት አለው። ዓሣውን ከነውሃው ያፍሰዋል፤ ውሃውን ያጠልና ዓሣውን ይውጣል። መረብ ነው።

ለ. ማንኪያ አፍ ወፍ፦ የምንቃሯ ጫፍ እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋ ነው። ምንቃሯን ውሃ ውስጥ ከፍታ ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ትጓዛለች። የነካትን ትንሽ ዓሣ ወይም የውሃ ነፍሳት ቶሎ ትዘጋበታለች።

ሐ. አይቢስ፦ ሰውነቱ ነጭ፣ ራሱና አንገቱ ጥቁርና ላባ የሌለው ነው። ረጅሙን ቆልማማ ምንቃሩን ጭቃ ውስጥ እየሰካ ይፈልጋል። የጥንት ግብፃውያን እንደ ቅዱስ ያከብሩት ነበር። በኢትዮጵያም ይገኛል።

መ. ሳቢሳ፦ ምንቃሩ ቀጥና ሹል ነው። ሳይንቀሳቀስ ይቆምና በድንገት እንደ ጦር ይወረውረዋል።

ሠ. ሸማኔ ወፍ፦ ምንቃሩ አጭርና ወፍራም ነው። ጥሬ ይሰብርበታል፤ ሣር ቀዶም ጎጆውን ይሸምንበታል። ሠሪው ወንዱ ነው። ሴቷ መጥታ ጎጆውን ትመረምራለች። ሳትቀበለው ከቀረች ያፈርሰውና እንደገና ይጀምራል። የቤት ሥራ ድገሙ ስትባሉ የምታጉረመርሙ ሁሉ ይህን ወፍ አስቡ።

3. ቀትር፦ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ጨረባ ወዴት ትሄዳለች?

በቀትር ወፎችም ያርፋሉ። እኛም በጥላው እንቀመጥና አንድ ታሪክ እናንሣ። የታሪኩ ባለቤት ጨረባ ናት። ጀርባዋ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ግንባሯና ጉሮሮዋ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ሆዷ ነጣ ይላል። ጅራቷ እንደ መንሽ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው።

በአውሮፓ ጨረባ በጋጣና በቤት ጣሪያ ሥር ጎጆዋን በጭቃ ትሠራለች። ብርድ ሲመጣ ግን ትጠፋለች፤ ብርዱ ሲያልፍ ትመለሳለች። ወዴት ነው የምትሄደው? ይህ ጥያቄ ብዙ ሊቃውንትን አሳስቷል። ታላቁ የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል ጨረባዎች በጉድጓድ ውስጥ ይደበቃሉ ብሎ ጽፏል። በ1555 የስዊድኑ ሊቀ ጳጳስ ኦላውስ ማግኑስ በሐይቅ ውሃ ሥር ተቃቅፈው ይከርማሉ ብሎ ጻፈ።

በ1822 በጀርመን አገር አንድ አስገራሚ ነገር ተገኘ። ሰዎች አንድ ሽመላ ገድለው ሲያዩት፣ አንገቱን የወጋ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የእንጨት ፍላጻ ተሰክቶበት ነበር። ፍላጻው የተሠራው በአፍሪካ ነው። ሽመላው አፍሪካ ውስጥ ተወግቶ፣ ከነፍላጻው በሮ አውሮፓ ደርሷል ማለት ነው። ያ ሽመላ እስከ ዛሬ በጀርመን አገር በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል።

የጨረባ መልስ ደግሞ የመጣው ከአንዲት ቀለበት ነው። በእንግሊዝ አገር የወፎችን እግር በቁጥር የተቀረጸ ቀላል ቀለበት ማሰር የተጀመረው በ1909 ነው። ግንቦት 6 ቀን 1911 ጆን ሜስፊልድ የተባሉ የሕግ ባለሙያ በስታፎርድሺር ግዛት በቤታቸው በረንዳ ጎጆ የሠራች አንዲት ጨረባ ይዘው ቀለበት አሰሩላትና ለቀቋት። ቀለበቱ ላይ ቁጥርና የለንደን አድራሻ ነበረበት። ታኅሣሥ 23 ቀን 1912 ያችው ጨረባ በደቡብ አፍሪካ በናታል ግዛት፣ ዩትሬክት በምትባል ከተማ አካባቢ በአንድ ገበሬ ቤት ውስጥ ተያዘች። ናታል ማለት ዛሬ ደርባን ያለችበት ክፍለ ሀገር ነው። ነገሩን ያዩ ሰዎች ቀለበቱን እንደ ቆርቆሮ አልጣሉትም፤ ወደ አድራሻው ደብዳቤ ተጻፈ። ደብዳቤው ለንደን ሲደርስ ጨረባ ከእንግሊዝ ተነሥታ እስከ ደቡብ አፍሪካ እንደምትሄድ ተረጋገጠ።

አስተውሉ። ሊቃውንት ሁለት ሺህ ዓመት ያልፈቱትን ጥያቄ የፈታው አንድ ሰው ያየውን በቀን፣ በቦታና በቁጥር ስለጻፈ፣ ሌላውም ያገኘውን ስላሳወቀ ነው።

ለመሆኑ ጨረባ ለምን ትሄዳለች? ምግቧ በአየር ላይ የሚበሩ ነፍሳት ናቸው። በሰሜን ብርድ ሲገባ ነፍሳት ይጠፋሉ። በዚያው ጊዜ በደቡብ ሙቀትና ዝናብ ስለሚመጣ ነፍሳት ይፈላሉ። ስለዚህ እህል ወዳለበት ትሄዳለች። መንገዷ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከምዕራብ አውሮፓ የሚነሡት ሰሐራ በረሃን አቋርጠው ይወርዳሉ። ከሩሲያና ከአካባቢው የሚነሡ ብዙዎቹ ደግሞ በመካከለኛው ምሥራቅና በምሥራቅ አፍሪካ በኩል፣ ማለትም በእኛ ራስ ላይ፣ ያልፋሉ። ደቡብ አፍሪካ ከደረሱ በኋላ አሮጌ የክንፍ ላባቸውን አንድ በአንድ ጥለው አዲስ ያበቅላሉ። ያለ አዲስ ላባ የመልሱን መንገድ አይችሉትም።

4. ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፦ የማውንት ሞርላንድ ሸምበቆ

ከደርባን በስተሰሜን ማውንት ሞርላንድ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በአጠገቧ ሸምበቆ የሞላበት ረግረግ ይገኛል። የአገሩ ሰዎች በዙሉ ቋንቋ ጨረባን ኢንኮንጃኔ ይሏታል።

ፀሐይ ስትጠልቅ በሰማዩ ላይ ጥቂት ነጠብጣቦች ይታያሉ። ቀጥሎ መቶዎች፣ ቀጥሎ ሺዎች ይሆናሉ። ቀኑን በየእርሻው ላይ ሲለቅሙ የዋሉ ጨረባዎች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። አባቶቻችን ሥርዓት የሌለውን ሁካታ «የጨረባ ተዝካር» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰማዩ ሁሉ በጩኸትና በክንፍ ይሞላል። ጭልፊቶችም ይህን ሰዓት ያውቁታልና እራታቸውን ፍለጋ መሐላቸው ይገባሉ። ሊጨልም ሲል መንጋው በድንገት እንደ ዝናብ ወደ ሸምበቆው ይወርዳል። ከዚያ ጸጥታ ይሆናል።

በሸምበቆ የሚያድሩት ለምንድን ነው? ከሥር ውሃ ስላለ በእግሩ የሚመጣ አውሬ በቀላሉ አይደርስባቸውም። ቢደርስም ሸምበቆው ሲወዛወዝ ይነቃሉ።

በ2006 የወፍ ባለሙያዎች በዚህ ረግረግ የሚያድሩት ጨረባዎች 3 ሚሊዮን ያህል ይሆናሉ ብለው ገመቱ። በዚያው ጊዜ ከሸምበቆው 3 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት አዲስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ታቅዶ ነበር። ወፍ አውሮፕላን ሞተር ውስጥ ከገባ ለሰውም ለወፍም አደጋ ነው። አንዳንዶች ሸምበቆው ይጥፋ እንዳይባል ፈሩ፤ የወፍ ተቆርቋሪዎችም ድምፃቸውን አሰሙ። በመጨረሻ ሁለቱም እንዲኖሩ መንገድ ተፈለገ። ሸምበቆው አልታጨደም። የወፎቹን እንቅስቃሴ የሚከታተል ራዳር ተተከለና አብራሪዎች መንጋው ሲነሣና ሲመጣ እንዲያውቁ ተደረገ። ኪንግ ሻካ የተባለው አውሮፕላን ማረፊያ በ2010 ተከፈተ።

ይህ ማለት ነገሩ ለዘላለም ተፈታ ማለት አይደለም። ጨረባዎች በአንድ ሸምበቆ አይታሰሩም። ቁጥራቸው ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ ማደሪያቸውን ወደ ሌላ ረግረግ የሚያዛውሩበት ጊዜም አለ። ስለዚህ አንዱን ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ያሉትን ረግረጎች ሁሉ መጠበቅ ያስፈልጋል።

5. የቀኑ ትምህርት

የጠዋቱን ጥያቄ አሁን እናንሣ። ወፍ ማየት ምን ትምህርት አለው?

አንደኛ፣ የሩቅ ተጓዥ ወፍ ኑሮ እንደ ሰንሰለት ነው። ሳይቤሪያ፣ የአባይ ሸለቆ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ደርባን፣ እያንዳንዱ አንድ ቀለበት ነው። አንዱ ቢበጠስ የሌሎቹ መኖር ብቻውን አይበቃም። ከአገራችን ምሳሌ ላንሣ። በኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ፔሊካኖች በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይፈለፍሉ ነበር። ሻላ ለመብል የሚበቃ ዓሣ ስለሌለው ምግባቸውን የሚያገኙት ጎረቤቱን አቢጃታን ተሻግረው ነበር። የአቢጃታ ውሃ ግን ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት በጣም ሸሽቷል። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ ከላይ በኩል ለመስኖ መወሰዱ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ መቀዳቱ ከምክንያቶቹ ውስጥ ናቸው። ውሃው ሲሸሽ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኖቹም ቀነሱ። ደሴቲቱን ማንም አልነካትም። የተበጠሰው ሌላው ቀለበት ነበር።

ሁለተኛ፣ እውቀት የሚገኘው በትልቅ መሣሪያ ብቻ አይደለም። ያየነውን በትክክል በመጻፍም ይገኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። «እኛም እንደ ወፎቹ ነን» ሲባል እንሰማለን። ይህ በግጥም ያምር ይሆናል፤ በሳይንስ ግን ልዩነቱን እንወቅ። ጨረባ የምትሄደው ወቅቱ ሲደርስ ነው፤ የሚያሳድዳት የለም፤ መመለሻዋም የታወቀ ነው። ሰው ከቤቱ ሲሰደድ እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ስደትን እንደ ወቅት መፈራረቅ አንቁጠረው። ከጨረባ የምንወስደው ትምህርት ግን አለ። በእንግድነት ባረፈችበት ሸምበቆ ጊዜዋን በከንቱ አታሳልፍም፤ ለመልሱ መንገድ የሚሆናትን ላባ የምታበቅለው እዚያው ነው። የእናንተ ላባ ትምህርታችሁ ነው።

የቤት ሥራ፦ የወፍ ደብተር

ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ጨረባዎች በምሥራቅ አፍሪካ ይታያሉ። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩ ዘመዶችም አሏቸው። ስለዚህ ቀይ ጉሮሮዋንና የተሰነጠቀ ጅራቷን ለይታችሁ እዩ። በቦኖ ውሃው አካባቢ ጠዋትና ማታ ለ15 ደቂቃ ተቀምጣችሁ የሚከተሉትን ጻፉ።

1. ቀን፣ ሰዓትና ቦታ።
2. የወፏ መጠን፦ ከድንቢጥ ታንሳለች፣ ከእርግብ ትበልጣለች እያላችሁ አወዳድሩ።
3. የምንቃር፣ የእግርና የጅራት ቅርጽ።
4. ምን ስትሠራ አያችኋት?
5. ብዛት፦ መንጋ ከሆነ መጀመሪያ 10 ወፍ ቁጠሩ፤ አሥሩ የያዙትን ቦታ በዓይናችሁ ለኩ፤ ከዚያ መንጋው የዚያን ስንት እጥፍ እንደሆነ ገምቱ። የሚሊዮኖቹም ግምት የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ዘዴ ነው።

ጥንቃቄ፦ ብቻችሁን ከካምፑ ርቃችሁ አትሂዱ። ጎጆ አትንኩ። የሞተ ወፍ በእጃችሁ አታንሡ፤ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ለአዋቂ ሰው ንገሩ። የላስቲክ ወንጭፋችሁንም ለዚህ ሥራ እቤት ተዉት። ጨረባ የዝንብና የሌሎች በራሪ ነፍሳት ጠላት እንጂ የሰው ጠላት አይደለችም።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ ለዚህ ሥራ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የእናንተ ትዝታ ግን ያስፈልጋል። በትውልድ መንደራችሁ የትኛው ወፍ በየትኛው ወር እንደሚመጣ፣ በአካባቢው አጠራር ምን እንደሚባል፣ በእርሻ ላይ ግሪሳን እንዴት ትከላከሉ እንደነበር ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። እነሱም ይጻፉት። ያልተጻፈ ስም ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

መልመጃ

1. ጨረባ በቀን 300 ኪሎ ሜትር ብትበር 9,600 ኪሎ ሜትር በስንት ቀን ትጨርሳለች?
2. ከግንቦት 6 ቀን 1911 እስከ ታኅሣሥ 23 ቀን 1912 ስንት ቀን ነው? (1912 የካቲት 29 ቀን የነበረበት ዓመት ነው።)
3. ቀለበት የታሰረላት ጨረባ በናታል እስክትያዝ ድረስ በሁለቱ አህጉሮች መካከል ቢያንስ ስንት ጊዜ ተጉዛለች? ምክንያታችሁን አስረዱ።
4. በወንዝ ዳር ምንቃሩ ረጅም፣ ቀጥና ሹል የሆነ ወፍ ብታዩ ምን ይበላል ትላላችሁ?
5. ለመወያያ፦ አውሮፕላን ማረፊያው ለሰዎች ሥራና መጓጓዣ ይሰጣል፤ ረግረጉም ለወፎች ማደሪያ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትወስኑ ነበር?

መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ለክፍል መምህራችሁ አስረክቡ። የተሻሉት የወፍ ደብተሮች በሚቀጥለው እትም ይወጣሉ።